ውሃችንን ይዘን የሄድን ዕለት

በእናቴ ቤት እንግዳ ውሃ ይቀዳለታል፤ የቤት ሰው ግን ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። ማድጋው ከጓዳው በር አጠገብ፣ ታችኛው ጎኑ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጥ ነበር። በወለንጪቲ ሙቀት ውሃ የሚቀዘቅዘው እንደዚያ ሲደረግ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናታችን ከተቀመጠችበት አትነሳም። «እጅ የላችሁም?» ትለናለች። ጎረቤት ሲመጣ ግን ትነሳለች፤ ጣሳውን ታለቀልቃለች፤ ቀድታ በሁለት እጇ ትሰጣለች። ልጅ ሆኜ ይህ ቅር ያሰኘኝ ነበር። እንግዳ መሆን የሚሻል ይመስለኝ ነበር።

አሁን እዚያ ቤት የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት። እኔ ካገባሁ ጀምሮ ኑሮዬ አዳማ ነው። ባሌ ከሞተና ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ እኅቴም ብቻዋን ናት። በመካከላችን ያለው መንገድ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በየበዓሉ እሄዳለሁ። በልጅነቴ የተኛሁባት ጠባብ አልጋ ጓዳ ውስጥ ተነጥፋ ትጠብቀኛለች። እኅቴ «ታድሪያለሽ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አድራለሁ፤ በቃ። አዳማ ያለው ቤቴ ሰፊ ነው፤ ውሃና መብራት አለው። ቢሆንም ቤቴ ብዬ ሳስብ የምትመጣብኝ ያቺ አልጋ ናት። ይህን ለእኅቴ ነግሬያት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይወራም።

አዳማ የምንኖር የወለንጪቲ ልጆች በየወሩ እንሰበሰባለን። ልጆች እንባባላለን እንጂ አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን። አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ገጥመው ያቆዩልናል። ወሬያችን ሁልጊዜ የከተማችን ነገር ነው። ባቡሩ ቀረ፤ ሐዲዱ ዛገ። ድሮ እዚያ ያድሩ የነበሩ የጭነት መኪኖች ዛሬ አቧራ አልብሰው ያልፋሉ። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። በቴሌግራም የከፈትነው ግሩፕም ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። አንዱ የተሰበረ አጥር ፎቶ ይልካል፤ ሌሎቹ የሚያለቅስ ፊት ይልካሉ።

ሊቀመንበራችን የቀድሞ የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ልባቸውም ክፉ አይደለም።

«ከተማዋ ሞተች እኮ!» አሉ አንድ ቀን ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?»

«አዳማ ገባና!» አለ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር። «እዚህ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ ሳቅሁ። ይህ የቆየ ልማዴ ነው። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እንደተቀጠርኩ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ባልደረባዬ «አንቺ ትምባሆ ታኝኪያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። ጥርሴን አስነቅዬ ነጭ ካስተከልኩም በኋላ እጄ አልተወውም።

የዚያን ቀን ሳቁ ሲበርድ የመምህሩ ንግግር እዚያው ቀረ። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ነገር ተሻገሩ። የከተማዋን ውድቀት በዓይናችን አይተን፣ ስጋታችንን ለማዘጋጃ ቤቱ ማቅረብ አለብን አሉ። ሁሉም ተስማማ።

«የት እናርፋለን?» አለች አንዷ።

«የእሷ እኅት አለች አይደል?» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ እያዩ። «ቦኖዋ!»

ሁሉም እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በፍቅር ነው። እኅቴን የማያውቃት የለም። ለብዙ ዘመን የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዚያ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳ ነበር። ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጠዋትና ማታ ከፍታ ትዘጋለች። ውሃ ያፈሰሰ ልጅ ከእሷ አያመልጥም። «ይህን መሬት አጠጣው ብሎ ማን ላከህ?» ብላ ከሰልፉ ኋላ ትመልሰዋለች። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ሁሉ እንስራና ጀሪካን ይዘን ፊቷ ተሰልፈናል።

ስደውልላት ደስ አላት። ደስታዋን የማውቀው ጥያቄ ስታበዛ ነው።

«ብዙ ናችሁ?»

«ሚኒባስ ሙሉ ነን፣ እትዬ። አትቸገሪ፣ ትንሽ አርፈን ነው የምንሄደው።»

«ምን ችግር አለው? ባዕድ ናቸው እንዴ? የማን የማን ልጆች ናቸው?»

አንድ በአንድ በእናቶቻቸው ነገርኳት። ሁሉንም አወቀቻቸው። «እሱማ ባልዲ የሰበረው» አለች ስለ ሊቀመንበሩ።

በጉዟችን ዕለት ሊቀመንበሩ በላስቲክ የተጠቀለለ የታሸገ ውሃ አስጭነው መጡ። ከራሳቸው ኪስ የገዙት ነው። ሚኒባሱ ከአዳማ እንደወጣ ለየሰዉ ማደል ጀመሩ።

«ለጤናችን እንጠንቀቅ እንጂ» አሉ። «የዚያ ውሃ ጥርሳችንን ምን እንዳደረገው እናውቃለን።»

የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በማይመጣበት ቀን ሰው ከጋሪ ይገዛል። ጋሪው ውሃውን ከየት እንዳመጣው ማን ይጠይቃል? ዕድሜያችንም ሆድ ሕመምን የሚችል አይደለም። የደረሰኝን ጠርሙስ አመስግኜ ተቀበልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወለንጪቲ ደርሰን መጀመሪያ የሄድነው ወደ ባቡር ጣቢያው ነው። ሐዲዱ ዳር ቆምን። ከዚያ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ወፍጮ ቤቱን፣ የተሸነቆረውን ጣሪያ፣ የድሮውን ቦኖ የተገነጠለ ቧንቧ ፎቶ ሲያነሱ እኔ ጥላ ፈልጌ ቆምኩ። በአጠገባችን ባጃጆች ይመላለሳሉ። አዲስ የተሠራ ሕንፃ ሥር የስልክ ሱቅ ተከፍቶ ሙዚቃ ያሰማል። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ከበውን በኦሮምኛ እየተነጋገሩ ይስቃሉ። እነዚህን ፎቶ ያነሳ አልነበረም። የመጣነው የጠፋውን ለመቁጠር ስለሆነ ያለው ነገር መንገዳችን ላይ ቆሞ ያስቸገረን ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ እኅቴ ቤት ሄድን። የቤቱን ፊት ሰማያዊ ኖራ ቀብታዋለች። በእጇና በነጠላዋ ጫፍ ላይ ቀለሙ ገና አለ። ከእድር ወንበር ተውሳ በግቢው ደርድራለች። አብራን ያደገች ጎረቤታችን ልታግዛት መጥታለች፤ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ምላሷ ዛሬም አላረጀም።

«የእድሩ ወንበር ሲወጣ ያየ መንገደኛ ሁሉ ማን ሞተ እያለ ገባ እኮ!» አለች ሰላምታ ሳትጨርስ። «ኧረ እንግዳ ነው ብዬ መለስኳቸው።»

«የሞተችውማ ከተማዋ ናት» አሉ ሊቀመንበሩ እየሳቁ።

«ነው እንዴ? ታዲያ ቀባሪዎቹ እናንተ ናችሁ? አለባበሳችሁ የሠርግ መሰለኝ።»

ሳቅን። ተቀመጥን። እኅቴ የእጅ ውሃ ይዛ ዞረች፤ ሁሉም ታጠበ። ድፎ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች፤ ሁሉም በላ፤ ደህና ዳቦ ነው ተባለ። እኅቴ እያንዳንዱን በእናቱ ስም እየጠራች «አንተ የእሷ ልጅ አይደለህም? መልክህ ቁርጥ እሷን» ትላለች። ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደ ልጅ ይሽኮረመማሉ። እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ቡናማ ጥርሷን ሳትሸፍን ነበር የምትስቀው። እሷ ሸፍናው አታውቅም።

ከዚያ ብርጭቆ ደርድራ በትሪ ውሃ ይዛ ወጣች። የጀመረችው ከሊቀመንበሩ ነው። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«እግዜር ይስጥልን፤ እኛ ይዘናል» አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ጠርሙሳቸውን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። በትሕትና ነው ያደረጉት።

ወደ ቀጣዩ ሄደች። እሱም ይዟል። ቀጥላ ያለችውም ይዛለች። ትሪውን እንደያዘች ዙሪያውን አዳረሰች። መምህሩ እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ግራ ቀኙን ሲመለከት መልሶ ሰበሰበው። ለእጃችን የተቀበልነውን ውሃ ለአፋችን አላመንነውም።

እኅቴ ከፊቴ ስትደርስ ቆመች። ለእኔ ብርጭቆ አልዘረጋችም።

«አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ገብተሽ ቀድተሽ ጠጪ እንጂ! እንግዳ ነሽ እንዴ?»

ምን እንደጠየቀችኝ አውቄያለሁ። አንድ ሰው እንኳ ከማድጋዋ ሲጠጣ እንዲታይላት ፈልጋለች። ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ። ሁሉም ያዩኛል። ቦርሳዬን ከፈትኩና ጠርሙሱን አወጣሁ።

«እኔም ይዣለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከሰው ላለመለየት ይሆናል፤ ውሃውን ፈርቼም ይሆናል። ምክንያት ብዬ ይዤው የምቀርበው ነገር ግን የለኝም።

እኅቴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትሪውን ይዛ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮ በኩል ውሃ ሲደፋ ሰማሁ። ብርጭቆው ከብርጭቆ እየተጋጨ፣ አንድ በአንድ። በዕድሜዬ እኅቴ ውሃ ስትደፋ ሰምቼ አላውቅም።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ በጓሮ ዞረው የተሰነጠቀውን ግድግዳና የዛገውን ቆርቆሮ ፎቶ አነሱ። በኖራ የተቀባውን ፊቱን አላነሱም። ባዶ ጠርሙሶቻችን በእድሩ ወንበር ሥር እንደተጣሉ ቀሩ። እኅቴ እያጎነበሰች ስትለቅም ጎረቤታችን ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ስታፈላው ዋለች» አለችኝ፤ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቶ። «ከሰሏን ጨረሰችበት። በነጭ ጨርቅ አጥልላ ነው ማድጋው ውስጥ ያደረገችው። ይፈሩ ይሆናል ብላ።»

«አልነገረችኝም።»

«ትነግርሻለች እንዴ? አታውቂያትም?»

ማታ ፎቶዎቹ ግሩፑ ላይ ወጡ። የእኅቴ ጓሮም አለበት። «ከተማችን የደረሰችበት» የሚል ተጽፎበታል። የሚያለቅሱት ፊቶች ተከታተሉ። የማን ቤት እንደሆነ ልጽፍ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ተጣላን ማለት አይቻልም። ስደውል ታነሳለች። «ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?» ትላለች። እኔ ብቻዬን እንደምኖር ታውቃለች። በሚቀጥለው በዓል ልሄድ ስል «መንገዱ ሙቀት ነው፤ አትንገላቺ» አለችኝ። ሙቀቱ ድሮም ነበረ።

በቀጣዩ ስብሰባ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀርበው ስጋት ላይ ተነጋገርን። መጀመሪያ የተነሳው የውሃ ጉዳይ ነው። እኔ በስብሰባ ብዙም አልናገርም።

«እኅቴ ያቀረበችልን ውሃ የፈላ ነበር» አልኩ።

መምህሩ የሻይ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ።

«አይ እሷማ ምን ታድርግ፤ ምስኪን» አሉ ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ።

እኅቴን ምስኪን ሲሏት ያኔ ሰማሁ። ያንን ሁሉ ሰው አሰልፋ ያጠጣች ሴት ናት። ልመልስላቸው ይገባ ነበር። ሻዬን ጠጣሁ። ለመመለስ የሚያስፈልገኝን ነገር በእሷ ግቢ ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ፤ ጠርሙሱን ካወጣሁት ሰዎች አንዷ ነኝና።

ሳልደውል ሄድኩ። በዓል አልነበረም። ከሚኒባስ ወርጄ በፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። እኅቴ በሩን ከፍታ ሳመችኝ። ወንበር አቀረበችልኝ። ሌላ ጊዜ እኔ ነበርኩ ስቤ የምቀመጠው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የታሸገ ውሃ አወረደች። ብርጭቆ አለቀለቀች። ሁለቱንም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ከፊቴ አስቀመጠች።

«ድንገት ብትመጪ ብዬ ከሱቅ ገዝቼ አስቀምጬልሽ ነበር» አለች።

ፊቷን አየሁት። ነገር የለበትም። ልታሳፍረኝ ብላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ከማድጋው እጠጣለሁ፣ እትዬ።»

«ይቅርብሽ። ዛሬ አልተፈላም፤ ያምሻል።»

ተነሳሁ። ወደ ማድጋው ሄድኩ። ጣሳውን ክዳኑ ላይ ፈለግሁት፤ የለም። መደርደሪያው ላይ አየሁ፤ የለም። እናቴ ቤት ውስጥ እንደ ባዕድ ቆሜ ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

«ጣሳው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከበሩ ጀርባ፤ ሚስማሩ ላይ። መቼ ተነስቶ ያውቃል?»

እዚያው ነበር። ቀድቼ ቆሜ ጠጣሁ። ጨው ጨው ይላል፤ ምላስ ላይ ይከብዳል። ልጅ ሆኜ የውሃ ጣዕም ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር። ጣሳውን ጨርሼ ወደ ሚስማሩ መለስኩት።

«ያን ዕለት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዳቦ አለ» አለች። «ርቦሻል።»

በላን። ስለ ጣሪያው አወራን። ስለ ጎረቤታችን ልጅ አወራን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እኅቴ ወደ ውጭ አየችና «ታድሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። ጓዳውን ስገባ አይቼዋለሁ፤ አልጋዬ ላይ የሽንኩርት ከረጢትና የታጠፈ ልብስ ተቀምጦበታል።

«ካስቸገርኩሽ…» አልኩ።

የዳቦውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች።

«አድራለሁ» አልኩ።

ተነስታ ከረጢቱን በአንድ በኩል ያዘች። እኔ በሌላው በኩል ያዝኩ። መሬት ካወረድነው በኋላ አንሶላ ፍለጋ ሳጥኑን እየከፈተች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «እንግዲያው ጠዋት ጋሪው ሲመጣ ጀሪካኑን አንቺ ታወጫለሽ» አለች። «እኔ ወገቤን ያመኛል።»

«እሺ።»

«እንዳታፈሺ ደግሞ።»

ጠዋት የጋሪውን ደወል ሰምቼ ትንንሾቹን ጀሪካኖች ይዤ ወጣሁ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከኋላ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። ብዙዎቹን አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን የማን እኅት እንደሆንኩ ያወቁ ይመስለኛል። ቀና ብለው እያዩኝ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባባሉ። ጎረቤታችን ከፊቴ ነበረች። ጀሪካኖቼ ሞልተው፣ ግራና ቀኝ አንጠልጥዬ ዞር ስል አየችኝ።

«አካም ቡልቴ!» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለችኝ፣ በከፍተኛ ድምፅ። ከዚያ በአማርኛ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ምነው ዛሬ? ውሃሽን ይዘሽ አልመጣሽም?»

ሴቶቹ ሳቁ። ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል ማለት ነው። እኅቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እሷም ቡናማ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። ፊቴ ነደደ። እጄን እንደ ልማዴ ወደ አፌ ላነሳ ፈለግሁ። ሁለቱም ጀሪካን ይዘው ነበር፤ ባነሳው ደግሞ ውሃው ይፈስሳል።